ማሽላ የበዓል እህል አይደለም ያለው ማን ነው?

የሁዳዴ ጾም ወደ መገባደዱ ሲቃረብ በገዳሪፍ ከተማ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ስለ ሃይማኖት አይደለም፤ ስለ ፖለቲካም አይደለም፤ ስለ ጤፍ ነው። «ከየትም ተፈልጎ ጤፍ ካልመጣ ፋሲካው ፋሲካ አይባልም» የሚል ወገን አለ። «እግዜር በሰጠው ይዋላል» የሚል ሌላ ወገንም አለ። ሁለተኛው ወገን ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ገንዘቡን የምታወጣው፣ ሊጡን የምታቦካውም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ወገን ስለሆነች፣ ስስታም እንዳትባል ይሉኝታ ይይዛታል። ስለዚህ ዘወትር የሚረታው የፊተኛው ነው። በሻይ ሽያጭ ወይም በሰው ቤት ሥራ የተቋጠረች ገንዘብ ትፈታለች፤ የጎደለው በብድር ይሞላል፤ በጋላባት በኩል የመጣ ጤፍ በማልዋ እየተለካ ይገዛል። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል። ዕዳው ግን ጰራቅሊጦስን አልፎ አንዳንዴም ፍልሰታ ድረስ ይሻገራል።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የየቤቱ ገመና ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። የከፋው ቃሉ ነው። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እንጀራ የማሽላ ነው። ይህ ልጅ የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር ከትልልቆቹ አፍ የሚሰማው «ይህማ እንጀራ አይደለም» የሚል ነው። እንግዲህ ልጁ ምን ይረዳ? ሲበላ የኖረው እንጀራ ካልሆነ ምን ኖሯል? እናቱስ ሌሊት እየተነሣች ዓይኗን በጭስ ስታጠፋ የኖረችው ምን ስትጋግር ነው? ልጁ አገሩን ያላየ፣ የወላጆቹን አገር በምግብና በቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ነው። ከሁለቱ አንዱን «የውሸት ነው» ብሎ መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም። ኋላ ላይ «ልጆቻችን ኪስራ እንጂ እንጀራ አይወዱም» እያሉ የሚያዝኑትም ይኸንኑ ቃል ሲናገሩ የኖሩት ሰዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ለማሽላ የሚሰጠው ንቀት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በረሃብና በጦርነት የተሰደደውን ሕዝብ ያስጠለለ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ይኸው ሥፍራ እንደገና ተከፈተ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የተነይድባ መጠለያ ተጨመረ። በሐምዳየትና በሌሎችም መግቢያዎች ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሰው ከ60,000 በላይ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ በጆንያ የተሰፈረለት እህል ማሽላ ነው፤ ከእርሱ ጋር ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው። ወረፋ ተቆሞለት፣ ካርድ ታይቶ፣ ስም ተጠርቶ የመጣ እህል በበዓል ገበታ ላይ ሲቀርብ ወረፋውን ያስታውሳል። ይህ ስሜት የሚናቅ አይደለም፤ የሚሳለቅበትም ቢኖር ወረፋ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ማሽላን ጠላሁ ሲል የጠላው በእርግጥ እህሉን ነው ወይስ ጆንያውን? ጆንያው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የእህሉ ባሕርይ አይደለም። ጤፍም በጆንያ ተሰፍሮ ቢታደል ኖሮ ይኸው ዕጣ በደረሰው ነበር።

እንዲያውም ማሽላ በዚህ ምድር ላይ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ሌላው ነው። በካሰላ አካባቢ በተደረገ ቁፋሮ በተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ ታትሞ ተገኝቷል። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን ለማጠንከር ገለባ ቀላቅለውበት ኖሮ፣ ገለባው ተቃጥሎ ሲጠፋ ቅርጹ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው ይህ ማሽላ ሰው ማላመድ የጀመረው ማሽላ ሲሆን ዕድሜውም ከ5,000 ዓመት ይበልጣል። እስከ አሁን ከታወቁት የለማዳ ማሽላ ምልክቶች ሁሉ ጥንታዊው ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ሕንድም አሜሪካም የሚዘራው ማሽላ የትውልድ ሐረጉ ሲቆጠር ከገዳሪፍ የግማሽ ቀን መንገድ በማይርቅ መሬት ላይ ያርፋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው የገዳሪፍ መሬት የሱዳን ጎተራ የተባለውም በማሽላና በሰሊጥ ነው። በዚህ ከተማ ተቀምጦ ማሽላን እንደ ስደት ምልክት መቁጠር፣ ሐረር ተቀምጦ ቡናን «የተቸገረ ሰው መጠጥ» እንደ ማለት ነው።

ሱዳናውያን ጎረቤቶችስ በበዓላቸው ምን ያደርጋሉ? ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት በገዳሪፍ ሰፈሮች ያለፈ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። ማሽላው ብቅል ይደረጋል፤ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ ከቅመማ ቅመም ጋር ይቦካል፤ ከዚያም በብረት ሳጅ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይጋገራል። ሴቶች ተሰባስበው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ እየተዘዋወሩ ነው የሚሠሩት። ይህ «ሑሉ ሙር» የሚባለው፣ ጣፋጭ መራራ እንደ ማለት፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ጾም ሲፈታ የሚጠጣው ነው። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ሱዳናውያን ዘመዶቻቸው በሻንጣ ይልኩላቸው ዘንድ የሚማጸኑት ይህንኑ ነው። ያ ሁሉ ናፍቆት የሚላክለት ነገር ማሽላ ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ሹዋል የተገዛ እህል በአንዱ አጥር ግቢ የበዓል ንጉሥ ሆኖ በጎረቤቱ አጥር ግቢ የሐዘን እህል ሊሆን የቻለው በምን ምክንያት ነው? እህሉ ያው ነው። የተለያየው የተሰጠው ቃል ነው።

«ለሱዳናዊው ይሁን፤ ለሐበሻ ግን እንጀራ ማለት ጤፍ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ አባባል ጥቅም ላይ ከዋለ ብዙ ቆይቷል፤ እውነትነቱ ግን ተመርምሮ አያውቅም። በቆቦና በራያ ቆላ፣ በሐረርጌ ሰፊ ክፍል፣ በሑመራ፣ በመተማና በቋራ የገበሬው የዕለት እንጀራ ከማሽላ ነው። በስሜን ደጋ ገብስ ይጋገራል። በጎጃም ዳጉሳ አለ፤ ዘንጋዳም አለ። የእነዚህ ሁሉ አገር ሰዎች ልጅ ሲድሩ፣ ተዝካር ሲያወጡ፣ ጾም ሲፈቱ የኖሩት በምን ነበር? ነጭ ጤፍን የበዓል መለኪያ ያደረገው የከተማ ገበታ ነው። ከዚያም የከተማው ገበታ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በምግብ አሠራር መጻሕፍት አማካይነት የአገር ገበታ ሆኖ ቀረበ። በነገራችን ላይ በጤፍ መካከልም ይኸው መናናቅ አለ፤ ማኛው ሰርገኛውን፣ ሰርገኛው ቀዩን ሲንቅ የኖረ ነው። ዛሬ ደግሞ ሐኪሞች ቀይ ጤፍን ማወደስ ሲጀምሩ ጠረጴዛው ተገለባብጧል።

ጤፍ ከአገር ሲወጣ ያለውን ታሪክ ማስታወስም ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር፤ የተጋገረ እንጀራ ብቻ ነበር የሚፈቀደው። ወደ ገዳሪፍ የሚመጣው ጤፍ ደግሞ ከጋላባትና ከመተማ መንገድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በመተማ ዮሐንስ ውጊያ ተነሥቶ መሻገሪያው ሲዘጋ የታየው ይኸው ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በሱዳን የተቀጣጠለው ጦርነት በመላ አገሪቱ ያስከተለው የኑሮ ውድነትም አለ። በዓሉን በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ማንጠልጠል በዓሉን ለደላላ መስጠት ነው።

አሜሪካ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞችም ጤፍ አልነበራቸውም። በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ወጥ ቤቶች ውስጥ ከስንዴ ዱቄት፣ ከገብስና ከሶዳ ውሃ ጋር እየታገሉ እንጀራ የሚመስል ነገር ሲጋግሩ ኖረዋል። ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ሲመለስ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ፋሲካ አላከበሩም ብሎ የሚደፍር ይኖራል? ከምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያንም ምጣዳቸውን ያሟሹት ባገኙት ዱቄት ነው። ለዋሽንግተኑ ስንዴ «የስደት ብልሃት» የሚል ስም ወጥቶለት ለገዳሪፉ ማሽላ «እጦት» የሚል ስም የወጣለት ምክንያት ምን ይሆን? ምናልባት ዶላር ባለበት እጦትም ብልሃት ይባል ይሆናል።

እስቲ ከሁለቱም ወገን ራቅ ወዳለ አገር ይኬድ። የጃፓን ሱሺ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚመጣለት ለዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ በስለታም ቢላዋ የሚቆራርጠው ጥሬ ዓሣ ነው። ጃፓናውያን ግን በቤታቸው ለበዓል የሚሠሩት ሱሺ ሌላ ነው። «ቺራሺ» ይሉታል፤ ትርጓሜው የተበተነ ማለት ነው። በተለይ ማርች 3 ቀን በሚከበረው የሴት ልጆች በዓል ይቀርባል። ሩዙ ይቀቀላል፤ ትኩስ እንዳለ ከእንጨት በተሠራ ሰፊ ገበታ ላይ ይገለበጣል፤ ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ይረጭበታል፤ አንዱ እያማሰለ ሌላው በማራገቢያ ያራግብለታል። ብዙ ጊዜ የሚያራግበው ልጅ ነው። ከዚያ በላዩ ላይ የተገኘው ይበተናል፤ እንደ ክር የተከተፈ የእንቁላል ቂጣ፣ እንጉዳይ፣ አረንጓዴ አተር፣ ሽሪምፕ፣ የሎተስ ሥር። ሽሪምፑ ወገቡ የጎበጠ ስለሆነ ሸምግሎ መጉበጥን፣ ማለት ረጅም ዕድሜን፣ ይመኝላቸዋል። የሎተሱ ሥር ቀዳዳ ስላለው ወደፊት አሻግሮ ማየትን ያሳያል። ለዶሮ ወጥ 12 ብልትና 12 እንቁላል ቆጥሮ ሐዋርያትን ለሚያስብ ሕዝብ ይህ እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ቺራሺን የሚሠራ ቤት ሁሉ የሚበትነው የተለያየ ነው። ባሕር አጠገብ ያለው ዓሣ ያበዛል፤ ተራራ ላይ ያለው አትክልት ያበዛል። በኦካያማ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢኬዳ ሚትሱማሳ የተባለው የአገሩ ገዥ ሕዝቡ ቁጠባ እንዲለምድ ሲል በአንድ ማዕድ ከአንድ ሾርባና ከአንድ ወጥ በላይ እንዳይቀርብ አዘዘ ይባላል። ሕዝቡም ትእዛዙን አላፈረሰም፤ ዓሣውንም አትክልቱንም ሩዙ ውስጥ ቀላቅሎ «ይኸው አንድ ምግብ ነው» አለ። የአገሩ መኩሪያ የሆነው የኦካያማ የበዓል ሱሺ ከዚያ መጣ ይላሉ። እውነትም ይሁን ወግ፣ ሕዝቡ ስለራሱ የሚናገረው የችግር ዘመን ምግቡን የኩራት ምግብ አድርጎ ነው። ማንም «ይህ የክልከላ ዘመን ምግብ ስለሆነ በበዓል አይቀርብም» ሲል አይሰማም።

በሱሺ የማይለወጥ ነገር ግን አለ። ሩዙ መምጠጥ አለበት። ሱሺ የሚለው ቃል ራሱ ከኮምጣጣነት ጋር የተያያዘ ነው። በጥንቱ አሠራር ዓሣ በጨው ታሽቶ በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ለወራት ይቀበር ነበር፤ ሩዙ እየቦካ ሲኮመጥጥ ዓሣውን ከመበስበስ ያድነዋል። ኋላ ትዕግሥት ያጣ ዘመን መጣና ኮምጣጤ በማፍሰስ ያንኑ ጣዕም ማምጣት ተጀመረ። ከላይ የሚበተነው ሺህ ጊዜ ቢለዋወጥ ኮምጣጣነቱ አይለወጥም። የእንጀራ ነገርስ ከዚህ ይለያል? እንጀራን እንጀራ የሚያሰኘው እርሾው ነው፤ መቡካቱ፣ መምጠጡና ዓይን ማውጣቱ ነው። እህሉ እንደ አገሩ ነው።

እዚህ ላይ ጃፓንን ከልክ በላይ ማወደስም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1993 ክረምቱ ያለ ወትሮው ቀዝቅዞ የሩዝ ምርቱ ከተለመደው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ወረደ። መንግሥት ከታይላንድ፣ ከቻይናና ከአሜሪካ ሩዝ ለማስገባት ተገደደ። የታይላንዱ ሩዝ ረጅም፣ የማይጣበቅና የራሱ መዓዛ ያለው ነው። የጃፓን ቤቶች እንደለመዱት አድርገው ቀቀሉት፤ እንደለመዱት ግን አልሆነም። «ይሸታል»፣ «ይበተናል» ተባለ፤ ከአገሩ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ እንዲሸጥ ቢደረግም ሳይፈለግ የቀረው፣ የተጣለውም ብዙ ነበር። እህሉን ያበቀለው የታይላንድ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን ተሰምቶት ይሆን? ሩዙ ምንም እንከን አልነበረውም። ጥቂት ብልሆች በዘይት ሲጠብሱት፣ በቅመም ሲያበስሉት ከራሳቸው ሩዝ የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ጥፋቱ የሩዙ አልነበረም፤ አንዱን እህል በሌላው እህል ሕግ መዳኘት ነበር።

በገዳሪፍ በማሽላ ላይ የሚፈጸመው በደልም በትክክል ይኸው ነው። ማሽላ እንደ ጤፍ ተቦክቶ፣ እንደ ጤፍ ተጋግሮ፣ እንደ ጤፍ ለሦስት ቀን መሶብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ሲሰነጣጠቅ «አላልኳችሁም?» ይባላል። ማሽላ የራሱ ጠባይ አለው። በመጀመሪያ እህሉ ይመረጣል። ነጭ ፍሬ ያለውና የገዳሪፍ ሴቶች ለኪስራ የሚመርጡት «ዳባር» ለእንጀራም ይስማማል። ቅርፊቱ በፍትጊያ ካልተወገደ እንጀራው ይጠቁራል፤ ምላስንም ይይዛል። ወፍጮ ቤት አንድ ጊዜ የተፈጨ ማሽላ ሻካራ ነው፤ ሁለተኛ ማስፈጨት፣ ከዚያም በወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የወፍጮ ዋጋ ከጤፍ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ዋናው ምሥጢር አብሲቱ ላይ ነው። ጤፍም ማሽላም እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ባሕርይ የላቸውም፤ ሊጡ ውስጥ የተፈጠረውን አየር የሚይዝለት ነገር ያሻል። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በውሃ ተበጥብጦ እንደ ገንፎ የሚበስለው አብሲት ይህንን ሥራ ይሠራል። በጤፍ አብሲቱን የምትቸኩልበት ሴት ልትታለፍ ትችላለች፤ በማሽላ ግን ምሕረት የለም። አብሲቱ በደንብ በስሎ፣ በርዶ፣ ወደ ሊጡ ተመልሶ፣ ሊጡ እንደገና ኩፍ እስኪል ካልተጠበቀ ምጣዱ ላይ የሚወጣው ቂጣ ነው። ምጣዱም ቢሆን የሸክላው ይሻላል፤ የብረት ሳጅ ቶሎ ስለሚግል ዓይኑ ሳይወጣ ሥሩ ይደርቃል። የወጣው እንጀራ ንፋስ ሳይመታው በጨርቅ ይሸፈናል። የማሽላ እንጀራ የዕለቱን ይወዳል፤ የፋሲካው እንጀራም በዚያው ሌሊት እንጂ ከሁለት ቀን በፊት አይጋገርም። ይህ ልፋት ነው፤ አይካድም። ነገር ግን የጤፍ ገንዘብ ለማግኘት ከሚለፋው ልፋት አይበልጥም።

ጥቂት ጤፍ ማግኘት የቻለ ቤት ደግሞ ከማሽላው ጋር አቀላቅሎ ያቡካው። እንጀራው ይለሰልሳል፤ እስከ ማግሥቱም ይቆያል። ይህን ማቀላቀል «ማጭበርበር» የሚሉ አሉ። ጎንደርም ወሎም እህል ሲቀላቀል የኖረ መሆኑን ወይ አያውቁም ወይ ረስተውታል።

አሁን ወደ ወጡ። ተከራካሪዎቹ ስለ ጤፍ ሲጮሁ ስለ ሽንኩርቱ አንድም ቃል አይናገሩም። ዶሮ ወጥን የሚያበላሸው ግን የሽንኩርቱ ጥድፊያ ነው። በካሰላና በገዳሪፍ ገበያ ቀይ ሽንኩርት ሞልቷል። ደቅቆ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ለሰዓታት ካልተቁላላ በዓሉን ማኛ ጤፍም አያድነውም። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ ጅማቱን ለይቶ፣ 12 ብልት አድርጎ የማውጣት ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዓይን ነው፤ ከየትኛውም ጆንያ ጋር አይገዛም። «በለዲ» የሚሉት የአገሬው ዶሮ ከተገኘ ከሐበሻው ዶሮ ምንም አይለይ። ያልተገኘ እንደሆነ የእርባታ ዶሮውን ቁሌቱ ውስጥ ገና ከጅምሩ መጨመር ሥጋውን ከአጥንቱ ይለየዋል፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይግባ። የሱዳን ሰምንም ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ቢነጠር ማንም አይለየው። ገንዘብ መውጣት ካለበት በርበሬና ኮረሪማ ላይ ይውጣ። አንድ እፍኝ ኮረሪማ በኪስ ይሻገራል፤ ድንበር ቢዘጋም ካለፈው ዓመት የተረፈው ያገለግላል። አንድ ኩንታል ጤፍ እንዲህ አይልም።

ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው የሚከተለውን የሚሉት ነው፤ «ዛሬ ጤፉ ይቅር ተባለ፤ ነገ ቅቤው ይቅር ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ጾሙ። ስደተኛ የሚጠፋው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።» ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በገዳሪፍ ቋንቋቸውን የረሱ፣ ስማቸውን የለወጡ፣ የወላጆቻቸውን አገር በካርታ የማያውቁ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። ነገር ግን የጠፉት ማሽላ ስለበሉ ነው? የጠፉት ዋዜማውን ከእናታቸው ጋር ያላመሹት፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ያላለቀሱት፣ የዶሮውን ብልት ስም ያልተማሩት ናቸው። በዓሉን «ጤፍ ካልተገኘ አናከብርም» ብሎ መተው፣ ወይም ከምግብ ቤት በሳህን አስጭኖ ማምጣት፣ ልጁን ከዚያ ሌሊት ማስቀረት ነው። አንዲት እናት በምታውቀው እህል፣ በቤቷ፣ በልጆቿ ፊት ያቦካችው ማሽላ ከየትኛውም ነጭ እንጀራ ይልቅ ያስተምራል። ጤፍ ሲመጣም ይኸው እጅ ነው የሚጋግረው።

ሌላም ወገን አለ፤ እርሱ ብዙ ቃል አይገባውም። «ስደተኛ ምን በዓል ያስፈልገዋል? ራሽኑን ሸጦ ዶሮ ይገዛል» የሚለው ነው። እንዲህ የሚሉት ሁልጊዜ የራሳቸውን በዓል አክብረው የመጡ ሰዎች ናቸው።

የጤፍን ነገር የሙጥኝ ብሎ የሚከራከረው ብዙ ጊዜ ምጣድ ፊት ተቀምጦ የማያውቅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ ለመጪው ፋሲካ አንድ ነገር ይሞከር። «ይህ እንጀራ አይደለም» የሚለው ሰው ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ያስፈጭ፤ ራሱ ይንፋው፤ አብሲቱንም ራሱ ያማስል። በገዳሪፍ የሚያዝያ ሙቀት፣ መለኪያው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሊጥ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ዓርብ ማታ ተቦክቶ እርሾ ከተጣለበት ቅዳሜ ማታ አብሲት ይጣልበታል፤ ሌሊቱን ምጣዱ ይሟሻል። ሕፃኑ ካልተኛ ማራገቢያውን እርሱ ይያዝ።